ለግድግዳ የወሰድነው ድንጋይ

ጥር 6፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ውርጩ ዛሬም የጀሪካኑን ውኃ አርግቶታል። ፀሐይ እስክትሞቅ የበግ ፀጉር ስፈትል አረፈድኩ። ጣቶቼ አልታዘዝ ብለዋል። ለልጄ ለዘነበች ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ላሠራበት ነው። ለፋሲካ ስትመጣ ትለብሰዋለች።

ደብተሬ፣ ትናንት ያልጻፍኩብህ ደስታ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ዘነበች ከአውስትራሊያ ደወለች። የዜግነት መሐላዋ ቀን ተቆረጠላት። ጥር 18። ከዚያ ፓስፖርት። ከዚያ ትኬት። አሁን በያዘችው ወረቀት ወደዚህ መግባት አትችልም። አባቷ የሞተ ጊዜ በስልክ ነው ያለቀሰችው።

ኢትዮጵያዊነቷን ልትተው መሆኑ የገባኝ ከተኛሁ በኋላ ነው። ሁለቱን መያዝ አይፈቀድም አሉ። እናቷ ቤት በቪዛ ልትገባ።

ይሁን። ብቻ ትግባ።

ጥር 8፣ ዓርብ

ጎረቤቴ አስካለ መጣች። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደርሷል።

“ልጅሽ ፈረንጅ ልትሆን ነው አሉ! እንግዲህ በአስተርጓሚ ልታወሩ ነዋ።”

“አንቺስ በአማርኛም ሲነግሩሽ አይገባሽ” አልኳት።

ሳቅን። ጥቂት ቆይታ፣ መንዝ ተወልዶ እንዴት አውስትራሊያዊ ይኮናል፣ አገር እንደ ነጠላ ይቀየራል ወይ አለችኝ። እንዝርቴን አነሣሁ። እኔም አንድ ጊዜ “ይኸው አዲሱ አገራችሁ” ተብዬ ከጭነት መኪና ወርጃለሁ።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ጥምቀት አለፈ። ዘነበች ደወለች። ቤት ይጠራል እንጂ ኔትወርክ በደንብ የሚይዘው ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው፤ እዚያ ድረስ እየሮጥኩ ወጣሁ። ድምጿ ሌላ ነበር።

ነገሩ የመጣው በልጅ ልጄ በሰላም ነው። ትምህርት ቤት ነግረዋታል። ጥር 18 እነሱ ዘንድ የነጮቹ መርከቦች መጀመሪያ የደረሱበት ቀን ነው። ብዙው ሰው ያከብረዋል። የአገሩ ነባር ሰዎች ግን ያለቅሱበታል። መሬቱ የነሱ ነበር፤ ባለቤት የለውም ተብሎ ተወሰደ። ልጅቱ እናቷን፣ “እማዬ፣ ሰው እያለቀሰ አንቺ ልትደሰቺ ነው?” አለቻት።

ዘነበች ተጨንቃለች። ቀኑን ለውጡልኝ ማለት ይቻላል። ግን ወራት ይወስዳል። ፋሲካ ያልፋል። ከምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ፈቃድ የምታገኘው ያኔ ብቻ ነው፤ ካለፈ ለከርሞ።

“አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ እማዬ” አለች።

ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝ፣ አይሰማም አልኳት። ይሰማ ነበር። የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ጥር 13፣ ረቡዕ

ለአንተ ልንገርህ። ሙሉውን ለሌላ ተናግሬው አላውቅም።

በድርቁ ዘመን እኔና ባለቤቴ ለሰፈራ ወደ ምዕራብ ቆላ ተወሰድን። የመጀመሪያ ልጃችን ጡት ላይ ነበር። ጠፍ መሬት ነው፣ ባለቤት የለውም አሉን። አመንን። እኛ መንዞች ያልታረሰ መሬት ስናይ ባለቤት አይታየንም። ሞፈር ካላረፈበት ጠፍ ነው።

እዚህም እዚያም ድንጋይ ተከምሮ አገኘን። ባለቤቴ ደስ አለው። በእኛ አገር ማሳ ሲጠረግ ድንጋዩ ጥግ ይከመራል፤ ቤት የሚሠራ ሰው ወስዶ ይክበዋል። “ለቅመው አዘጋጅተውልናል” አለ። የሣር ጎጆ አልወደደም፤ እንደ አባቱ ቤት በድንጋይ ሊክብ ተነሣ። እኔም ልጄን አዝዬ ድንጋይ ተሸከምኩ።

አንዲት የአገሩ አሮጊት መጡ። እሳቸው የእኛን፣ እኛም የእሳቸውን ቋንቋ አናውቅም። ግድግዳውን አዩት። ድንጋዩ የተነሣበትን ቦታ አዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በጣታቸው ወደ መሬት አመለከቱ።

የተኛ ሰው። ወዲያው ገባኝ። የመቃብር ድንጋይ ነው።

ባለቤቴ ምን አሉ ሲለኝ፣ ደክሟቸዋል መሰለኝ አልኩት። ግድግዳው ጉልበቴ ደርሷል። ክረምት መጥቷል። ልጄ ይስላል።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ዘነበች ደጋግማ ደወለች። አላነሣሁም። ፀጉሩንም አልፈተልኩ።

ሂጂ ብላት ማን ይፈርድብኛል? በሰው አገር ለቅሶ ምን አገባኝ? ዝም ማለት ደግሞ እችልበታለሁ።

የትናንቱን አልጨረስኩልህም። ቤቱን በሠራን በሁለተኛው ክረምት ልጄን ወባ ወሰደው። አሮጊቷ መጥተው ከእኔ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። ሲሄዱ ከወንዙ ዳር ድንጋይ ተሸክመው አምጥተው መቃብሩ ላይ አኖሩለት። ሰዎቻቸውም ተከትለው አመጡ። ከግድግዳዬ ነቅለው ቢያኖሩ አፌን ይዤ ዝም እል ነበር። አልነቀሉም። ሌላ አመጡ።

በዓመቱ ጠፍተን ተመለስን። ልጄ እዚያው ቀረ። ዘነበች ከዚያ በኋላ ነው የተወለደችው። ወንድም እንደነበራት አታውቅም።

ዛሬ በሕይወት ለሌሉት ለንስሐ አባቴ ድንጋዩን ነግሬያቸው ነበር። ሳታውቁ ያደረጋችሁት ነው ብለው ስግደት አዘዙኝ። ሰገድኩ። ሳላውቅ አለመሆኑን ግን አልነገርኳቸውም።

ፊደል የለየሁት ከተመለስን በኋላ ነው፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ፣ በራሴ። ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን መጽሐፍ ሁሉ ያገላበጥኩት እነዚያን ሰዎች ፍለጋ ነበር። ስለ ሰፋሪው ተጽፏል። ምን እንደበላ፣ በምን እንደሞተ። ስለነሱ አላገኘሁም።

ጥር 16፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ደወልኩላት። አጥሩ ሥር ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት።

 ስለ ድንጋዩ አልጠየቀችም።

“ወንድም ነበረኝ?”

ነበረሽ አልኳት። አለቀሰች። ቀጥላ ተቆጣች። ሂጂ ወይ ቅሪ በይኝ ነው ያልኩሽ፣ ይህን ሁሉ ለምን አሁን ትጭኚብኛለሽ አለች። እውነቷን ነው።

“የሰው ለቅሶ ቀን ነው ልጄ” አልኳት። “መሐላሽን በሌላ ቀን አድርጊው።”

“ፋሲካስ?”

“ፋሲካ በየዓመቱ አለ።”

ደህና ሁኚ ሳትለኝ ዘጋችው።

ጥር 17፣ እሑድ

አስቀድሼ ተመለስኩ።

ለአንተ አልዋሽም። ቅዳሴው ላይ ቆሜ የጸለይኩት፣ እንቢ ብላኝ እንድትሄድ ነው። ትክክለኛውን እኔ ልናገር፣ ስሕተቱን እሷ ትሥራ፣ እኔ ደግሞ ዓይኗን ልይ። እንዲህ ብዬ ነው እግዚአብሔርን የለመንኩት።

ጥር 18፣ ሰኞ

ከማለዳ ጀምሮ አጥሩ ሥር። አስካለ ወደ ወፍጮ ስትወርድ አገኘችኝ።

“ዛሬ አይደል ፈረንጅነቱ? እልል ልበልልሽ?”

“ቆይ” አልኳት።

ፊቴን አየችው። እህሏን አውርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። አስካለ ዝም ስትል ዛሬ ገና አየሁ።

ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ተደወለ። ዘነበች አልሄደችም። ቀን ለውጡልኝ ብላለች፤ መቼ እንደሚሆን አልነገሯትም። ሰላምን ይዛ ነባሮቹ ሰዎች የሚያለቅሱበት አደባባይ ሄዳ ከኋላ ቆማ ነበር። ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ። ለእነሱ ይሁን ለወንድሜ አላውቅም እማዬ አለችኝ።

ሰላም ስልኩን ተቀበለቻት። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ የአጎቴ ስም ማን ነው አለችኝ። ጌትነት አልኳት። ከተቀበረ ወዲህ በአፌ አልጠራሁትም፤ አባቱም ሳይጠራው ነው የሞተው። ልጅቱ ደገመችው። ቀጥ አድርጋ ነው የጠራችው፣ ምንም አልሰበረችውም።

አስካለ ማን ነው ጌትነት አለችኝ። ልጄ ነው አልኳት።

ዘነበች ስልኩን መልሳ ያዘችው። ዘንድሮ አልመጣም አለች። አውቄዋለሁ አልኳት። ለከርሞ፣ እግዚአብሔር ካለ አለች። እግዚአብሔር ካለ አልኩ። ትንፋሿ ይሰማኛል፤ አልዘጋች፣ አልዘጋሁ።

“እስከዚያ አትሙቺብኝ እማዬ” አለች።

እሺ አልኳት። በእጄ ያለ ይመስል፣ እሺ አልኳት።