የሁሉንም መርዶ በአንድ ድንኳን ያስነገሩት የወይዘሮ አለሚቱ ዱጉማ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አለሚቱ ዱጉማ ከአባታቸው ከአቶ ዱጉማ ጀቤሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ድንቅነሽ ሁንዴ በ1936 ዓ.ም. አቃቂ በሰቃ ተወለዱ። አባታቸው እርሻቸውን ሳይተዉ በምድር ባቡር የሐዲድ ጥገና ይሠሩ ነበር። ወይዘሮ አለሚቱ ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ቢሆኑም ታላላቆቻቸውን ጭምር ያዝዙ ነበር፤ እኔማ ታናሽ እህታቸው አሰለፈች ከሁሉ በላይ ታዝዣለሁ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው አቃቂ ተምረው በ1953 ዓ.ም. በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠሩ። በ1957 ዓ.ም. የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ካሳሁን ቀናው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ወንዱ ልጃቸው ሙሉአለም በ1980 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ፤ ዓመት ሳይሞላው ወሬው ጠፋ።

ጦርነቱ በ1983 ዓ.ም. ሲያበቃ ቀበሌውን የሚመራ ሰው ታጣ። በስብሰባው ላይ ወንዶቹ ጫማ ጫማቸውን ሲያዩ ወይዘሮ አለሚቱ እጃቸውን አወጡ። "ለጊዜው እሳቸው ይያዙት" ተባለ። ለጊዜው የተባለው አራት ዓመት ሆነ። መሣሪያ የያዘ ሁሉ እንዲያስረክብ አደረጉ፤ ሰፈሩም እንቅልፍ አገኘ።

ከባዱ ግን መርዶው ነበር። የተበተነው ወታደር ማን እንደሞተ ቢያውቅም የሚናገር አልተገኘም። እናቶች ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያ ይወጣሉ። የሙሉአለም ጓደኛ ሮሪሳ ከግንባር ተመልሶ ወይዘሮ አለሚቱን ባየ ቁጥር መንገድ ይቀይራል። ገብቷቸዋል፤ ግን እናት ናቸውና አልጠየቁም። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ወርቅውሃ ደግሞ ልጃቸው ከታጋዮቹ ጋር ተሰልፋ ስለሞተች፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን አፍነው ብቻቸውን ሲያለቅሱ ኖረዋል።

ወይዘሮ አለሚቱ የሁሉም መርዶ እንዲነገር፣ የሁለቱም ወገን ለቅሶ በአንድ ድንኳን እንዲሆን ጠየቁ። የእድሩ ዳኛ አቶ ኦላና "የተገዳደሉ ልጆች እናቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ምን ሊባባሉ ነው?" ብለው ድንኳኑን ከለከሉ። ወይዘሮ አለሚቱን ከቀበሌው ሊቀመንበርነታቸው ለማውረድም ፊርማ ማሰባሰብ ተጀመረ። እሳቸው ፊርማውን ትተው ሮሪሳን አስጠሩ። "ልጄ፣ ነገ ሲነጋ ሽማግሌ ይዘህ ናና ንገረኝ። እኔ ያልሰማሁትን ሰው ስማ ልለው አልችልም" አሉት።

ጎህ ሲቀድ ተነገራቸው። ሙሉአለም ሞቷል። እህቴ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ፤ ብረት ነበሩ የሚል ካለ አያውቃቸውም። እንባቸው ሳይደርቅ ግን ወይዘሮ ወርቅውሃን አስመጥተው ሐዘን በተቀመጡበት ፍራሽ ላይ አጠገባቸው አስቀመጧቸው። ለቅሶ ደራሹም ሁለቱን አንድ ላይ "እግዜር ያጥናችሁ" አለ። በሦስተኛው ቀን አቶ ኦላና ራሳቸው ድንኳኑን ይዘው መጡ፤ የቀረውም መርዶ ሁሉ በዚያ ተነገረ። የፊርማውን ነገር ከዚያ ወዲህ ያነሣ የለም።

በ1987 ዓ.ም. የአካባቢው ሕዝብ መርጧቸው ፓርላማ ገቡ። የየትኛውም ወገን ሟች ቤተሰብ እንዳይረሳ አምስት ዓመት ሙሉ ተከራክረዋል። የተሳካላቸውም ያልተሳካላቸውም አለ፤ ዝም ያሉበት ቀን ግን የለም።

ወይዘሮ አለሚቱ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 1999 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን እና እኛን እህትና ወንድሞቻቸውን ትተው አልፈዋል። ወይዘሮ ወርቅውሃንም ከእህቶቻቸው ጋር እንድንቆጥር አዝዘውናልና ቆጥረናል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ መካከል ያሳርፍልን፤ ሙሉአለምንም ያሳያቸው። ለእሳቸው መርዶ ነጋሪ አላስፈለገም፤ ያረፉ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ግቢያቸው ውስጥ ቆሞ ነበር።