ጨረቃ ላይ የቀረችው ልጅ

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ፣ ቄሱና ጎረቤቴ እትዬ በለጡ ቆመዋል። የሰፈሩን ቧንቧ ነገር ሊያወሩ የመጡ መስሎኝ ግቡ፣ ተቀመጡ አልኳቸው። ማንም አልተቀመጠም። ያኔ ገባኝ።

ልጄ ሰናይት። ትናንት ከሃና ከተማ ወደ ጂንካ ስትመጣ የተሳፈረችበት የጭነት መኪና ተገልብጧል። ከሰዓት ቀበርናት።

ሌላ መጻፍ አልችልም።

ረቡዕ

ሰው ድንኳኑን ሞልቶታል። ሁሉም ስለ እሷ ያወራል፤ እኔ የማስበው ግን አንድ ነገር ነው፣ ለሰው ለመናገር ያሳፍራል።

ሰናይት ሃና ከተማ ሄዳ አስተማሪ ከሆነች ወዲህ እሁድ እሁድ ትደውልልኝ ነበር። ስልኳ ላይ አዳዲስ የእንግሊዝኛ አጫጭር ልቦለዶች ታነባለች፤ ገና ስላልመጣ ዘመን፣ ስላልታየ አገር የሚያወሩ። ለኔ ወደ አማርኛ እየመለሰች ትተርክልኛለች። የቀበሌ ሊቀመንበር የሆነ ዘንዶ ነበረ፣ ማህተሙን በእሳት የሚመታ። ስስቅ ወጥ አረረብኝ። ሰው ሲሞት ጥላው ቤት ጠባቂ ሆኖ የሚቀርበት መንደርም ነበረ። በዚያኛው አለቀስኩ።

"እማ፣ ውሸት እኮ ነው" አለችኝ።

"ውሸት መሆኑን መቼ አጣሁት? ቀጥዪ።"

የመጨረሻው አላለቀም። ጨረቃ ላይ ውሃ የምታወጣ ልጅ ናት። መንኮራኩሩ ወደ ምድር ሊመለስ ነው፣ የቀረው ያንድ ሰው ቦታ፣ እሷና ጓደኛዋ ግን ሁለት ናቸው። እዚህ ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ስመጣ እጨርስልሻለሁ ብላ ጽፋ ላከችልኝ።

ሐሙስ

ሣልስቷ። ከሃና መምህራን መጡ። ማርታ የምትባለው ከሰናይት ጋር አንድ ቤት ትኖር ነበር፤ ታሪኮቹንም አብረው ያነቡ ነበር። የጨረቃዋ ልጅ ተመለሰች ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ተመልሳለች፣ እናቷም በር ላይ ተቀበለቻት አለች። ስትናገር መሬት መሬት ታያለች።

"ልጄ፣ ሁሉም ሰው እያባበለኝ ነው። አንቺ እንኳ ተይ።"

እትዬ በለጡ ለቅሶ ቤት ተረት አይወራም ብላ ተቆጣች። ግን ተጠግታ መስማት ጀመረች። "ጨረቃ ላይ ውሃ ካለ እኛን ጂንካ ላይ ምን አስጠማን?" አለች። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ አፌን በነጠላ ያዝኩ።

ማርታ እውነቱን ነገረችኝ። ልጅቷ ቦታውን ለጓደኛዋ ለቃ ጨረቃ ላይ ቀረች። ከዚያስ አልኳት። እዚያ ላይ ያልቃል አለች።

አርብ

ማርታ እኛ ጋ አደረች። ጠዋት እግሬ ስር ተቀምጣ ለምን እንደዋሸችኝ ነገረችኝ። ሰኞ ሃና ላይ የተገኘው መኪና ያ ብቻ ነበር፤ ጋቢናው ውስጥ የቀረውም ያንድ ሰው ቦታ። ማርታም ወደ ጂንካ መምጣት ነበረባት።

"'አንቺ ሂጂ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች' አልኳት፣ እናቴ" አለችኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ቅዳሜ

ደራሲው ላይ ተናደድኩ። ሰው ጨረቃ ላይ ማኖር የቻለ፣ አንድ ወንበር መጨመር ምን ያቅተው ነበር?

ይህን ብዬ ደነገጥኩ። የጠየቅኩት ደራሲውን ብቻ አልነበረም።

እሁድ

ማርታ ልትሰናበተኝ መጣች። አይኗ አብጧል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ልላት ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሁድ እሁድ ደውዪልኝ፣ አዲስ ታሪክ ስታገኚ ንገሪኝ አልኳት። ጫማዋን እያሰረች አለቀሰች።

እሷ ጴንጤ ናት፤ እነሱ ለሞተ አይጸልዩም። ለእርስዎ እጸልያለሁ አለችኝ። እሺ አልኩ።

ለሰናይት ግን ማን ይጸልይልኝ? ይህ ጽሑፍ እጃችሁ የገባ ሁሉ፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው። በጸሎታችሁ ውስጥ አንድ ቦታ አትንፈጓት።