ለሽበት የተነሣሁ ዕለት

ይድረስ ለምወድዎና ለምፈራዎ አባቴ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ብርዱ ጉልበትዎ ላይ አልጠናም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጴንጤ አገባሽ ብለው ስልኬን ማንሣት ከተዉ ወዲህ ደኅንነትዎን የምሰማው በሰው በሰው ነው። እሑድ ባለቤቴ ጋሮማ የላካቸው ሽማግሌዎች ለእርቅ ዳግመኛ ደጅዎ ይመጣሉ። ባለፈው ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ ተቀመጡም ሳይሏቸው እንደሸኟቸው ሰምቼ አንጀቴ አሯል። የምጽፍልዎም ለዚሁ ነው።

እዚህ የማስተረጉምላቸውን ሰዎች አገር ስም እንዳልናገር ፈርሜያለሁ። አንዲት ደሴት ናት፤ ጦርነቱ ገና መቆሙ ነው። እሷ አገር ነኝ ትላለች፣ የቀድሞ ገዢዋ ግዛቴ ነሽ ይላታል። ምርኮኛ ለመለዋወጥ እኔን የቀጠሩኝ አስታራቂዎች ጠርተዋቸው፣ እዚሁ ስቶክሆልም ሶደርማልም በሚባል ሰፈር ባለ አሮጌ ቤት ተገናኙ። መነሣት እንደ መንግሥት መቀበል ነው ተብሎ፣ ማንም ለማንም እንዳይነሣ ተስማምተዋል። ለእኔም በደንብ ተነግሮኛል።

ታዲያ የደሴቲቱ ተወካይ፣ ጸጉራቸው እንደ እርስዎ ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ፣ በከዘራ እያነከሱ ገቡ። ምን ልበልዎ፣ ሳላስበው ብድግ! ኖር! አልኩ፣ ያውም በአማርኛ።

ጉድ ፈላ። የገዢው አገር መልእክተኛ ፋይላቸውን ዘግተው፣ አስታራቂዎቹ በአስተርጓሚያቸው በኩል ለደሴቲቱ ዕውቅና ሰጡ ብለው አምባረቁ። አለቃዬ ፊቷ ቀልቶ አስረጂ አለችኝ። እኛ አገር የምንነሣው ለሽበት እንጂ ለባንዲራ አይደለም አልኩ። መልእክተኛው የራሳቸውን ሽበት ዳሰስ አድርገው፣ ታዲያ ለእኔ ለምን አልተነሣሽም አሉኝ። ስገባ ተቀምጠው አገኘሁዎት፣ ካላመኑኝ ወጥተው ይግቡ አልኳቸው። አቤት ድፍረቴ! በቃ ተባረርኩ ብዬ ነበር።

ወጥተው ገቡ። ተነሣሁ። ዞር ብል የደሴቲቱ ሽማግሌም ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከዚያማ እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ ይቀመጡ ተባባሉ፤ ሁለቱንም የማስተረጉመው እኔው ነኝ፣ እንባዬ እየመጣ። ስለ አገርነቱ አሁንም አልተስማሙም። ምርኮኞቹ ግን ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ነው።

አባባ፣ ሃይማኖትዎን ይተዉ፣ የጋሮማን ይቀበሉ አላልኩዎትም። እሑድ ለሽማግሌዎቹ ሽበት ብቻ ይነሡልኝ። እኔማ ያን ዕለት የተቀመጥኩት ወገቤን ይዤ ነው፤ ሰሞኑን ብድግ ማለት እየከበደኝ ሄዷል። ሐኪሟ እስከ መስከረም ቻይው፣ ከዚያ ይቀልሻል ብላኛለች።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ምርቃትዎ ሦስታችንንም አይለየን።

ጉልበትዎን የምትስም ልጅዎ
ከሃግሴትራ፣ ስቶክሆልም