ከበሩ ወዲያ ያለው የወንድ ድምፅ

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከሰላምታው በፊት ልንገርህና ይውጣልኝ፤ ጥፋቱ ያንተ ነው፣ የበኩር ልጄ። የእኔም አለበት፣ ወደ እሱ በኋላ እመጣለሁ። የነገሩ መነሻ ግን አንተ ነህ።

አሁን እንደ ሰው ሰላም ልበልህ። እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን ያምህ የነበረው ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከአቅምህ በላይ እያነሳህ ነው? ምግብህን በሰዓቱ ትበላለህ? የምትሠራበት መጋዘን ብርዱ አጥንት ይሰብራል ብለኸኝ ነበር፤ ሹራብ ደርብ። ቤቱ ያስጠጋህ ወንድሜስ ደም ብዛቱ እንዴት ሆነለት? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከመንቋቋቱ በቀር ደህና ነኝ። ልጅህ ድንቡሼም ደህና ናት፤ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኗታል፤ መንጋጋዋ እየወጣ ስለሆነ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፣ እኔን ጨምሮ። ሚስትህ ደህና ናት ብዬ ግን አልዋሽህም።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅ፤ እስክሪብቶ በወጉ የያዝኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ሲኖረኝ የምትጽፍልኝ ሚስትህ ነበረች፤ ይህን ግን ጻፊልኝ የምልበት ፊት የለኝም። በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ ገና አፌን ስከፍት «እሺ እማዬ፣ ገባኝ እማዬ» ብለህ ታቋርጠኛለህ። ወረቀት አይቋረጥም።

ሚስትህ ስምንት ወር ሙሉ እዚህ ቤት ውስጥ ድረ ገጽ መሥራት ስትማር ቆየች። አንተ «ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ መዋል» ትለዋለህ። ሰው ስልኩን ሲከፍት የሚያየው ገጽ ሁሉ፣ ሥዕሉም ጽሑፉም፣ ከኋላው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የደረደረው መሆኑን እኔም ያወቅኩት ከእሷ ነው። ጠዋት ልጅቷን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ልብሷን አጥባ ታሰጣለች፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ታስረክበኝና እስከ ስድስት ሰዓት መኝታ ቤቱን ዘግታ ትማራለች። በሩ ላይ «ትምህርት ላይ ነኝ» የሚል ወረቀት ለጥፋ ነበር። ድንቡሼ ሦስቴ ቀደደችው፣ እሷም ሦስቴ መልሳ ለጠፈችው።

ልጅህ እናቷ ከበሩ ወዲያ እንዳለች ታውቃለች፤ አትሸነገልም። ከጫማ ካርቶን ላፕቶፕ ሠራሁላት፣ ፊደሎቹንም በእጄ ጻፍኩበት። አገላብጣ አየችውና «አይበራም» ብላ ወረወረችው። ከዚያ በሩ ሥር በሆዷ ትተኛለች፣ ጣቶቿን በክፍተቱ ትሰዳለች። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ልብስ ስሰበስብ በመስኮት አየሁ፤ ሚስትህ ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። በአንድ እጇ ትጽፋለች፤ በሌላው የልጅቷን ጣቶች ይዛለች።

ልጅቷን እንቅልፍ ሲወስዳት ሌላው ሰው ጋደም ይላል፣ ሚስትህ ወደ ኮምፒውተሩ ትሮጣለች። በዚያ ሥራ አንዲት ምልክት ያለቦታዋ ከገባች ገጹ በሙሉ ይፈርሳል አሉ። ድንቡሼ አንድ ቀን ጭኗ ላይ ሆና በጣቷ የጨመረቻትን አንዲት ነጥብ ስትፈልግ ሁለት ቀን ፈጀባት። ስታገኛት ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም። «አብረን ነው የጻፍነው» አለችኝ።

ለመጨረሻው ፈተና የእውነተኛ ሰው ገጽ ሠርታችሁ አምጡ ተባሉ። እሷም ከእኛ ሕንጻ ሥር ላለው ልብስ ሰፊ ሠራችለት፤ የሰፋቸው ቀሚሶች ተደርድረው፣ የፈለገ ሰው ልኩን ጽፎ የሚያዝበት። ሰውየው ሲያየው «እትዬ፣ የዚህችኛዋን ሱቅ ወለል ማነው የሚጠርግልኝ?» ብሎ አሳቀን። ፈተናውን ካለፈች አንድ ድርጅት ቤቷ ሆና፣ ልጇን ሳትለይ ሥራ ሊሰጣት ቦታ ይዞላት ነበር። ይህን ለአንተ ነግራህ ነበር። «እናያለን» አልካት።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ስትሄድ «እማዬ፣ ዓይንሽን ከእሷ ላይ እንዳትነቅይ» ብለኸኝ ነበር። እኔም አልነቀልኩም። በደወልክ ቁጥር የት ወጣች፣ ምን ለበሰች፣ ማን ጠየቃት እያልክ ስትጠይቀኝ እንደ ዘበኛ ሪፖርት አቀረብኩልህ። አንድ ቀን «ከበሩ ወዲያ የወንድ ድምፅ እሰማለሁ፤ ሁልጊዜ ያው ሰው ነው» አልኩህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ናፈቀችኝ ማለት አበዛህ፤ የሚናፍቅህም ልክ በትምህርቷ ሰዓት ሆነ። በሩ ይንኳኳል፣ ትምህርቱ ይቆማል፣ ድንቡሼ ትገባለች፣ ካንተ ጋር ሁለት ደቂቃ፤ ልጅቷን ከእናቷ አንገት ለማላቀቅ ግን አንድ ሰዓት።

የፈተናው ቀን ያለፈው ማክሰኞ ነበር፣ አራት ሰዓት ላይ። ሚስትህ ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ ለበሰች፤ ከወገቧ በላይ የቢሮ ሰው ሆነች፣ ከወገቧ በታች የቤት ሱሪና ነጠላ ጫማ። ስትገባ «እማማ፣ ዛሬ አንዲት ሰዓት ብቻ ይስጡኝ። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አጥፍተው ሲጨርሱ ይጥሩኝ» አለችኝ። ሳቅን።

ብዙም ሳይቆይ ደወልክ። የት ናት አልከኝ፤ ፈተና ላይ ናት አልኩህ። «ሰውየው አለ?» አልክ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩና «አለ፤ ዛሬማ ሁለት ናቸው» አልኩህ። ምላሴ ይቆረጥ! «ክፈቺው! ስልኩን ወደ ውስጥ አዙሪልኝ!» ብለህ ጮህክ። እኔም ልጅቷን ታቅፌ፣ ስልኩን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጌ በሩን ከፈትኩት። ለጆሮዬ ብዬ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼው ነበርና «አንተ ማነህ? ከሰው ሚስት ጋር ምን ትሠራለህ?» ያልከው ክፍሉን ሞላው። ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። አንደኛው መነጽሩን አውልቆ «እኔ ፈታኝ ነኝ፤ እርስዎስ?» አለህ። መስማትህን አውቃለሁ፤ ወዲያው ዘግተህ እኔን በር ላይ ገትረኸኝ ሄድክ። ድንቡሼ ከእጄ አምልጣ እናቷ ጭን ላይ ወጣች፣ በሁለት መዳፏ ፊደሉን ደበደበችው፤ የልብስ ሰፊው ቀሚሶች ሁሉ ጠፉ። ሴትየዋ በትሕትና «ቤት ውስጥ ችግር ያለ ይመስላል፤ ብናቋርጠው ይሻላል» አለች።

ዓርብ ዕለት መልሱ መጣ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ከፈለገች በሚቀጥለው ዙር፣ ከአሥር ወር በኋላ ትሞክር ተባለ።

አላለቀሰችም። የልጅቷን ልብስ እያጣጠፈች «እማማ፣ ምን በድዬዎት ነው?» ብቻ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ያንን ሰውዬ አሳዪኝ» አልኳት። ከፈተችው። ራሰ በራ ሰው ነው፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ያስረዳል። ነካ ስታደርገው አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ደግማ ስትነካው ካቆመበት ቀጠለ። «የተቀረጸ ትምህርት ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት። እኔ መኖሬንም አያውቅም» አለችኝ። አየህ፣ ስንቀናበት የከረምነው ሰው ይህ ነው! በሩን አንድ ቀን አንኳኩቼ «ልጄ፣ ማነው የሚያናግርሽ?» ብላት ያልቅ ነበር። አልጠየቅኳትም፤ ለአንተ ማቀበል ቀለለኝ።

አባትህ ነፍሱን ይማረውና፣ የማታ ትምህርት የጀመርኩ ጊዜ አንተ ሕፃን ነበርክ። አልከለከለኝም፤ አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገረኝም። በትምህርቴ ሰዓት እንግዳ ይጠራ ነበር፣ ያ ብቻ። እንግዳ ጥዬ መውጣት ነውር ነውና ደብተሬን መልሼ አስቀምጣለሁ። በሁለተኛው ወር ተውኩት፤ ሀ ብዬ እንደገና የጀመርኩት እሱን ከቀበርኩ በኋላ ነው። እሱ እንግዳ ይጠራ ነበር፤ አንተ ደግሞ ትደውላለህ። ያንተ የሚከፋው እኔን ተላላኪ ማድረግህ ነው።

ሚስትህ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ልጣ ጣለችው፤ ኮምፒውተሩንም ሰውዬውን ካሳየችኝ ወዲህ እስከ ትናንት ሳትከፍት ቆየች። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሳትጠይቀኝ ድንቡሼን አቅፌ ወጣሁ፤ እስከ ስድስት ሰዓት መንገድ ለመንገድ ስንዞር ዋልን፣ ያለፈውን አውቶቡስ ሁሉ ሰላም አልን። ስንመለስ የመኝታ ቤቱ በር ዝግ ነበር። ተምራ ይሁን ተኝታ አላውቅም፤ አልጠየቅኩም፣ ጆሮዬንም አልለጠፍኩም።

ለወንድሜ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። ለሚስቱ፣ አንተን በመሸከሟ ምስጋናዬ ይድረሳት። ለትልቋ ልጃቸው፣ ለመንታዎቹም፣ እያንዳንዳቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ። ድንቡሼ እዚህ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ የሞነጫጨረችው ለአንተ ነው ብላለች። ሚስትህ ሰላምታ አልላከችም፤ እኔም ላኪ አላልኳት።

ማታ ማታ ደውል። ልጅህ ምን እንደበላች፣ ስንት ጥርስ እንዳወጣች፣ ማንን እንደነከሰች እነግርሃለሁ። ሚስትህ ከማን ጋር እንደተነጋገረች ግን ከእኔ አፍ አትሰማም፤ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ስልክህን አላነሳም፤ በሯንም ከእንግዲህ አልከፍትልህም።

እናትህ
ከቤትህ፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
ሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን