ያልተበሳው ጎማ

ጉለሌ፣ ነሐሴ 1978 ዓ.ም.

ውድ ሸፊ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው። በልቤ ያለውን ቃል ብጽፈው ወረቀቱን ይዞልህ የሚመጣው ሰው ያፍርብኛል። በፖስታ ያልላክሁት ደግሞ ከአንተ በፊት የሚያነቡት ስላሉ ነው፤ አንብበህ ቅደደው።

ካርቱም በሰላም መግባትህን እህትህ ረሂማ ነገረችኝ። ቤታችሁ በር ዘግቶ ደስ ብሎታል። አባትህ ጋሽ ሙዘይን ሱቃቸው ውስጥ ለብቻቸው ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ። እኔም በሕይወት በመኖርህ ደስ ብሎኛል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ተናድጄብሃለሁ። ይኸው ክረምቱ ገብቶም አልበረደልኝም።

እኔ ብስክሌት ልንዳ ብዬህ አላውቅም። ሽሮ ሜዳ ሸማ ስሠራ ውዬ ቤቴ የምገባ ሰው ነኝ። አንተ ነህ መጥተህ የመሸመኛዬ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጠህ የወተወትከኝ። ለላብ አደሮች ቀን ከየቀበሌው ሁለት ሁለት ብስክሌተኛ ፍቼ ደርሶ እንዲመለስ ታዟል፣ አንዱ አንተ ነህ፣ ሁለተኛ ሰው ካልተገኘ ግን አንተም አትሄድም።

«እኔ? ፍቼ? በብስክሌት?» ብዬ ሳቅሁ።

«ቀኑን ሙሉ መርገጫ ስትረግጥ አይደል የምትውለው? ፔዳልም በቃ እሱ ነው። ልዩነቱ፣ ይሄኛው ይሄዳል» አልከኝ።

ብረት ከየቦታው ለቃቅመህ አሮጌ ብስክሌት ገጣጠምክልኝ። የሠፈሩ ጎረምሶች ሁሉ «እኔን ውሰደኝ» እያሉ ሲለማመጡህ እኔን ለምን እንደመረጥክ አልጠየቅሁም። የተመረጠ ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል?

ፈሪነቴን መቼም አትረሳውም። ወደ እንጦጦ ስንወጣ ብስክሌቱን እየገፋሁ፣ ስንወርድ ሁለቱንም ፍሬን ጨምድጄ። እንጨት የተሸከሙት ሴቶች ቁልቁለቱን እየቀደሙኝ ይወርዱ ነበር። አንዷማ ከነሸክሟ ዞር ብላ «የኔ ልጅ፣ እሱን ነገር ተወውና በእግርህ ና፣ ሳይመሽብህ» ስትለኝ መንገድ ዳር ተቀምጠህ እንባህ እስኪፈስ ሳቅህ። ጥለኸኝ ግን አትሄድም ነበር። ዳገት ላይ ጎኔ ትመጣና መዳፍህን ጀርባዬ ላይ አሳርፈህ ትገፋኛለህ። «ቀስ በል፣ ታሬ። አትቸኩል። የሚያባርርህ የለም» ትለኛለህ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ የታገሠኝ ሰው አልነበረም። ያንን ነው ያረከስክብኝ።

የጉዞው ደንብ ምን እንደነበር አንተም እኔም እናውቃለን። የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ገለታ ከሁለታችን ወደኋላ የቀረውን በላንድሮቨር ይከተላል። አንተ ግን ደንቡን ከእኔ ቀድመህ አስበህበታል። ኋላ ያለው ሰው ቀርፋፋ ከሆነ ካድሬውም ኋላ ይቀራል፤ ጎበዙ ከፊት ብቻውን ይነዳል። ለብሔራዊ ውትድርና ስምህ ሊወጣ መሆኑን ሰምተሃል፤ ከጉለሌ በሰላም የሚያስወጣህ አንድ ቀርፋፋ ሰው ያስፈልግሃል። «ቀስ በል» ማለትህ ለካ ምክር አልነበረም። ለራስህ ብለህ ነበር የምትለምነኝ።

የዚያን ቀን ግን አንድ ነገር ተበላሸብህ። በረታሁ።

የአዲሱ ገበያን ዳገት ከብስክሌቱ ሳልወርድ ጨረስኩት። የሱሉልታ ሜዳ ላይ እግሬ የራሴ አልመሰለኝም። ጫንጮን አለፍኩ። ጓድ ገለታ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «በርታ፣ ጓድ ሸማኔ!» ሲለኝ ነበር፤ በኋላማ ስላመነኝ ሙከጡሪ ላይ ቁርስ ሊበላ ቆመና «ቅደም፣ እንደርስብሃለን» አለኝ። እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደርሼብህ ፊትህን ማየት። ከሙከጡሪ ወዲያ ረጅሙ ሜዳ ላይ ጀርባህን አየሁት። ረገጥኩ። ረገጥኩ።

«ሸፊ!»

ዞር ስትል ፊትህ ተለዋወጠ። እኔ ሞኙ በእኔ የኮራህ መስሎኝ ነበር።

«አንተ! እንዴት ደረስክ?»

«አስተምረኸኝ ነዋ!»

ወርደህ ኮዳህን ሰጠኸኝ። «ጠጣ። ፊትህንም ታጠብ፣ ላብ በላብ ሆነሃል» አልከኝ። ጎንበስ ብዬ ፊቴን ስታጠብ ከኋላዬ «እስስ» የሚል ነገር ሰማሁ፤ ነፋሱ መሰለኝ። ቀና ስል የኋላ ጎማዬ አጠገብ ቁጢጥ ብለሃል።

«ተበስቷል፣ ታሬ። እዚሁ ቆይ።»

ላንድሮቨሩ ሲደርስ ቃልህ እንዴት ያለ ጠንካራ ነበር! «ጓድ፣ መለጠፊያ የለንም። ፍቼ ጎሚስታ አለ፣ ይዤ እመለሳለሁ፤ ጠብቁኝ» አልከው። ሾፌሩ «ለምን ብስክሌቱን አንጭነውም?» ቢል ጓድ ገለታ «በመኪና የገባ ብስክሌተኛ ምን ተብሎ ሊጨበጨብለት ነው? እንጠብቃለን» አለ። ከመሄድህ በፊት መዳፍህን ጀርባዬ ላይ አሳረፍክ። የዚያን ቀን ግን አልገፋኸኝም።

ጠበቅን። ፀሐይዋ አናታችንን አልፋ ወደ ጎን ዞረች። ሾፌሩ ሲያጉረመርም «ይመጣል! እናንተ ሸፊን አታውቁትም!» እያልኩ የተከራከርኩልህ እኔ ነኝ። በመጨረሻ ብስክሌቴን ጭነን ፍቼ ስንገባ ብስክሌትህ አንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። አንተ በጭነት መኪና ወደ ጎጃም ካለፍክ ቆይተሃል።

ቀበሌ አሰሩኝ። «የት ሄደ?» አላውቅም። «ማን ጋ?» አላውቅም። ገረፉኝ፤ አሁንም አላውቅም። በመጨረሻ ጓድ ገለታ ሳቀና «ልቀቁት። ይሄ ብስክሌት መንዳት እንኳ ገና የለመደ ፈሪ ነው፤ ማን ምስጢር ያወራዋል?» አለ። ግርፋቱ ድኗል። ይቺ ቃሉ ግን እስካሁን ታመኛለች።

ብስክሌቴን መልሰው ሰጡኝ። ቤት ወስጄ፣ እንዳስተማርከኝ፣ ከጎማው ውስጥ ካላማዳሪያውን አውጥቼ ነፋሁትና ሳፋ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ቀዳዳ ካለ ውሃው ይፈላል። ዙሪያውን ሁሉ አዟዟርኩት። እናቴ እማማ ሙሉእመቤት ደጃፉ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ምን እየፈለግህ ነው፣ ልጄ?»

«ቀዳዳ።»

«አገኘህ?»

«የለም።»

«ታዲያ ደግ አይደል? ምን ያስለቅስሃል?»

ምን ብዬ ልንገራት? አንዲት አረፋ እንኳ አልወጣችም፣ ሸፊ። ጎማዬ አልተበሳም። ያንን ሁሉ ዳገት በገፋኝ እጅህ ነው ያስተነፈስከው።

ረሂማ ትሟገትልሃለች። «እንዳታውቅ ያደረገህ ለአንተው ብሎ ነው፤ ብታውቅ ኖሮ ይገርፉህ ነበር» ትለኛለች። ሳላውቅም ገርፈውኛል። ደግሞ አለመንገርህን ይቅር ብዬዋለሁ፤ የዘመኑን ነገር እኔም አላጣሁትም። መሄድህንም ማንም አይፈርድብህም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ የሚሰማን ከብት እንኳ አልነበረም። «ታሬ፣ እዚህ ቁም፣ አትከተለኝ» ብትለኝ እቆም ነበር። ለምን ብዬ አልጠይቅህም ነበር። ጎማውን ራሴ አስተንፍሼ መንገድ ዳር እቀመጥልህ ነበር፤ ቢገርፉኝም ለጓደኛዬ ብዬ ነው እያልኩ እችለው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው መሆኔን እንዴት አጣኸው? ያን ያህል ጊዜ አብረኸኝ ከርመህ?

አሁንም እነዳለሁ። እሑድ እሑድ ካፊያው ጋብ ሲል እንጦጦን እወጣለሁ፤ ሳልወርድ። ያቺ «በእግርህ ና» ያለችኝ ሴትዮ ሰሞኑን ቁልቁለቱ ላይ ሳልፋት «ቀስ በል፣ ልትገድለን ነው!» ብላ ሰደበችኝ። ጎማዬም ያኔ ሳፋው አጠገብ የነፋሁትን አየር እንደያዘ ነው።

ይቅርታ ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ ብትጽፍ አላነበውም። እዚህ ሠፈር እስከ ዛሬ የምጠራው ካድሬ አስቁሞ የቀረ ቀርፋፋ ተብዬ ነው። እውነቱን የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነን፤ ሰው የሚያስተነፍሰው ቀርፋፋን አይደለም። ስለዚህ አንዲት መስመር ጻፍልኝ፣ በራስህ እጅ። «ደርሰህብኝ ነበር» በል።

ከሙከጡሪ ወዲያ የደረሰብህ፣
ታረቀኝ