አልጋ ሥር የነበረው ካርቶን

ሽታሁን፣

ፈታትቼ ሸጬው እንከብራለን የምትለውን ካርቶን አልጋ ሥር አትፈልገው። ትናንት ጠዋት «ልዋጭ» እያለ የሚዞረው ሰውዬ መጥቶ በሳፋ ለወጥኩት። የሞተ ቻርጀርና የሬዲዮ ሆድ ዕቃ ብቻ መስሎኝ ነው።

ለምሳ ሽሮ ልሠራ ምድጃውን ብሰካው አልግል አለኝ። ብገለብጠው ሽቦው የለም። ለካ ልትጠግነው ፈተህ እዚያው ካርቶን ውስጥ ከተኸዋል።
ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ሰውዬው ዛሬ ሞጣ ገበያ ነው አሉኝ። ሳፋውን ይዤ ሄጃለሁ። ከነሳፋው ከተመለስኩ ምንም አትጠይቀኝ።

ዳቦ መሶቡ ውስጥ አለልህ።

ሬዲዮዬንም ይዤው ሄጃለሁ። ስላላመንኩህ አይደለም፤ ከቢቸና ሞጣ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው።

ሚስትህ ጓዴ