ስለ ትርፊት ሦስተኛ ቀይ ካርድ

ለተከበሩ አቶ ተረፈ
የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ
ሆሳዕና

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም የተሟላ ጤንነትና የእረፍት እንቅልፍ ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ድፍረት መስሎ ከታየዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በቅድሚያ ላመስግንዎ። ከሐዋሳው የአምስት ቀን ሥልጠና ሲመለሱ ይዘውልን የመጡት የሠራተኛ ባሕርይ ትንተና አጭርና ግልጽ ነበር፦ የተሸለመ ባሕርይ ይደጋገማል፣ የተቀጣ ባሕርይ ይጠፋል። በማግስቱ ስማችን የተዘረዘረበት ሰሌዳ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። ውጤት ቶሎ ላደረሰ አረንጓዴ ካርድ፣ ለተሳሳተ ቀይ፣ ሦስተኛ ቀይ ያገኘ ይሰናበታል። ተራ የሚጠብቁ ሕሙማን ሰሌዳውን እያነበቡ "እሷ እንዳትወጋኝ" ማለት በመጀመራቸው፣ ለግልጽነትዎ ያለኝ አድናቆት ከፍ ያለ ነው።

ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ትርፊት የመጀመሪያውን ቀይ ካርድ ያገኘችው፣ የአንድ ሕፃን የደም ናሙና ከእጇ ወድቆ ሲሰበር ራሷ ቢሮዎ መጥታ ስለነገረችዎ ነው። ሁለተኛውን ያገኘችው ማሽኑ የተሳሳተ ቁጥር እየሰጠ መሆኑን ደርሳበት፣ የጠዋቱን ምርመራ በሙሉ እንደገና ስለሠራች ነው፤ ውጤት ዘገየ ተባለ። በዚያው ሳምንት ናሙና የሰበረ ሌላ ሰው ስብርባሪውን ጠርጎ፣ ለታማሚው "ደሙ አልበቃም" ብሎ እንደገና ቀዳ። እሱ አረንጓዴ ተሰጠው። ያ ሰው እኔ ነኝ።

፪. ባለፈው ወር ማክሰኞ ጠዋት ጵርስቅላ የምትባል እናት ከጃጁራ መጣች፤ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሎ ነበር። ደም እንዲሰጣት ታዘዘ። ናሙናዋን የቀዳችው ትርፊት ናት። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል ትርፊት የናሙና ቲዩብ ክዳን መክፈት አቅቷት ግድግዳ ተደግፋ አየኋት።

"ምን ሆነሻል?" አልኳት።

"እህቴ፣ ሦስተኛዬ ነው" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ስም አቀያይሬያለሁ። የጵርስቅላን ስም ከእሷ በፊት በቀዳሁት የአንድ ሽማግሌ ናሙና ላይ ለጥፌዋለሁ። በዚያ ናሙና የተመረጠላት ደም ወደ ማዋለጃ ወጥቷል።"

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ወዲያው አልሮጥኩም። ያንን የደም ዓይነት አረጋግጬ የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ፣ መጀመሪያ የታየኝ ጵርስቅላ ሳትሆን ሰሌዳው ላይ ያለው ስሜ ነበር። ስንት ሰከንድ እንደቆምኩ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ስተኛም ስነሳም የሚያስፈራኝ ያ መቆሜ ነው።

ትርፊት ናት የገፋችኝ። "ሩጪ! ደሙን አስቁሚ!" ብላ ጮኸች።

ማዋለጃ ክፍል ስደርስ ነርስ ሱምያ ከረጢቱን ሰቅላ ቱቦውን ልትከፍት እጇን ዘርግታ ነበር። "አትክፈቺው!" አልኳት። ሱምያ እጇን መለሰች። ጵርስቅላ ከንፈሯ ነጥቶ፣ ሕፃኑን አቅፋ "ምን ሆነ?" አለችን። ሱምያ ከረጢቱን አወረደች። ናሙናው እንደገና ተቀዳ፣ ትክክለኛው ደም ተሰጣት፣ በአራተኛው ቀን ልጇን ይዛ ወደ ጃጁራ ተመለሰች።

፫. ትርፊት በዚያው ቀን ቢሮዎ ገብታ ሁሉንም ነገረችዎ፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። "ባትናገር ኖሮ ሴትየዋ ትሞት ነበር" ስልዎ የመለሱልኝን አልረሳውም፦ "እህተማርያም፣ እሷ ካልተቀጣች ሌላው ምን ይማራል?" ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው ካርድ ተለጠፈ። ትርፊት ነጭ ጋዎኗን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች፤ አሁን ሾኔ ከተማ እህቷ ዘንድ ናት።

ሌላው ምን እንደተማረ ግን ልንገርዎ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ስህተት ሪፖርት አልተደረገም። እርስዎም በሰኞው ስብሰባ ኬክ ቆርሰው "ዜሮ ስህተት!" ብለው አጨበጨቡልን። እኛም አጨበጨብን። እጆቻችን ግን ያው ናቸው፤ የሚደክሙትም የሚንሸራተቱትም ያው እጆች። ትምህርትዎ ትክክል ነበር ክቡር ሆይ፣ የተቀጣ ባሕርይ ይጠፋል። እርስዎ የቀጡት መሳሳትን ሳይሆን መናገርን ነው፤ የጠፋውም እሱ ነው።

ስለዚህ ትርፊት ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ ስህተቱን በራሱ አንደበት የተናገረም እንዳይቀጣ በትሕትና እለምናለሁ። የእኔን ቀይ ካርድ፣ ለሰበርኩትም ናሙና ላላየሁትም ስም፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብረው ይለጥፉልኝ።

ከታላቅ አክብሮትና ከአክብሮቴ ከሚበልጠው ፍርሃቴ ጋር፣
የእርስዎ ታዛዥ
እህተማርያም ፍሬው
የላቦራቶሪ ባለሙያ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት ለራስዎ ምርመራ ደም ሰጥተው፣ ውጤቱ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ስለደረሰልዎ ተደስተው ነበር። ስህተት አለበት አላልኩም። ቢኖርበት ግን የሚነግርዎ ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ አልቀረም፤ ቢቻልዎ ሌላ ቦታ ያስደግሙት።